የተዘጋው ምክር ቤትና የቱኒዚያ ዜጋ ቅሬታ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2021 ምሽት የቱኒዚያው ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አሰናብተው 217 መቀመጫ ያለውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለ30 ቀናት አገዱ፤ የአባላቱንም ያለመከሰስ መብት፣ ማለትም ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ በወንጀል እንዳይጠየቁ የሚያደርጋቸውን ከለላ፣ አነሡ። በዚያው ሌሊት አፈ ጉባኤው ራሺድ ጋኑሺ ባርዶ ወደሚገኘው ምክር ቤት ቢያመሩም የብረት በሩ ተዘግቶ፣ ወታደሮች ቆመውበት ስላገኙት ሳይገቡ ቀሩ።

ጎዳናው ግን በመኪና ጥሩምባና በእልልታ ደምቆ አመሸ፤ ምክንያቱም ከ2011ዱ አብዮት ሥራና ክብር የጠበቀው ዜጋ፣ ወረርሽኝና ሥራ አጥነት ሲያስጨንቁት የተወካዮቹ ሽኩቻ አንገሽግሾት ነበር።

ምክር ቤትን ማገድ ከመበተን ይለያል፤ የታገደ ምክር ቤት አባላቱ ከነወንበራቸው ሆነው ሥራው ብቻ ሲቋረጥ፣ የተበተነው የሥራ ዘመኑ አብቅቶ ለአዲስ ምርጫ ቦታ ይለቃል። ፕሬዚዳንቱ የጠቀሱት የ2014ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 በአደጋ ጊዜ ልዩ እርምጃ ቢፈቅድም፣ ምክር ቤቱ በዚያ ወቅት ሁሉ በስብሰባ ላይ እንደሆነ እንዲቆጠርና እንዳይበተን ያዛል፤ ከ30 ቀን በኋላም አፈ ጉባኤው ወይም 30 አባላት ጉዳዩን ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ይሁንና ምክር ቤቱ ራሱ የድርሻውን ዳኞች መርጦ መጨረስ ስላቃተው ፍርድ ቤቱ ፈጽሞ አልተቋቋመም፤ ስለዚህ ሙግቱ ዳኛ አልባ ሆነ።

የ30 ቀኑ እገዳ ያለ ገደብ ተራዘመ፤ ፕሬዚዳንቱ በአዋጅ መግዛት ጀመሩ፤ በማርች 2022 ከ100 የሚበልጡ አባላት በኢንተርኔት ተሰብስበው ልዩ እርምጃዎቹን ሲሽሩ፣ ምክር ቤቱ በዚያው ዕለት ተበተነ።

የዜጋው ቅሬታ እንግዲህ ድርብ ነው፤ በመጀመሪያ የመረጠው ምክር ቤት አሳዘነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ያሳዘነውን በድምፁ የመቅጣት መብቱ ከእጁ ወጣ። ሰነፍ ተወካይ በሚቀጥለው ምርጫ ይሻራል፤ በሩ ሲዘጋ ግን የሚሻርም የሚጠየቅም አይኖርም። ዋና ዋና ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ያገለሉበት አዲስ ምርጫ የተካሄደው የአብዮቱ ጅማሬ በሚታሰብበት ዕለት፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2022 ነበር፤ ከተመዘገቡት መራጮች ድምፅ የሰጡት ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከ12 ዓመት በፊት ድምፁ እንዲሰማ አደባባይ የወጣው ሕዝብ በዚያ ቀን በአብዛኛው የምርጫ ጣቢያውን ደጅ ሳይረግጥ ዋለ።