እቁብ ደረሰ፣ ከዚያስ?

መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ እቁብ በደረሰው ማግስት ገንዘቡ እጁ ላይ አያድርም። ወይ ጣቃ ጨርቅ ይሆናል፣ ወይ ቆርቆሮ፣ ወይ ለጅምላ አከፋፋዩ ይከፈላል። በዚያው ሳምንት እቁብ የደረሰው ወጣት ደመወዝተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ስልክ ይቀይራል፣ ሶፋ ይገዛል፣ የተረፈችውን ባንክ ያስገባል። ሁለቱም ሳያጓድሉ ጥለዋል፣ ሁለቱም ቆጣቢዎች ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አንዱ ሁለተኛ ሱቅ ይከፍታል፣ ሌላው አሁንም የወር መጨረሻን ይጠብቃል።

ለወጣቶች የሚሰጠው የሀብት ምክር አብዛኛውን ጊዜ “ቆጥቡ” ላይ ያበቃል። ምክሩ ትክክል ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ያለፉት ዓመታት ይህን በደንብ አሳይተዋል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በዚያን ጊዜ 100 ሺሕ ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ሺሕ ብር አገኘ፤ አምና በ100 ሺሕ ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ሺሕ ገብቶ ጠበቀው። ደብተሩ ላይ አተረፈ፣ ገበያ ላይ ከሰረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ለመኪና፣ ለላፕቶፕ ወይም ለልብስ ስፌት ማሽን በብር ሲያጠራቅሙ የነበሩ ወጣቶች ያሰቡት ዕቃ ከፊታቸው ሲርቅ አዩ።

ታዲያ ባንክ ማስቀመጥ ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ድንገት ለሚመጣ ሕመም፣ ለቤት ኪራይ፣ ከሥራ ለመውጣት የሚሆን የሦስት ወር ወጪ ባንክ መቀመጥ አለበት። ይህ ገንዘብ ሥራው ማትረፍ አይደለም፤ ባለቤቱ በችግር ቀን ንብረቱን በርካሽ እንዳይሸጥ መጠበቅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ቶሎ መጀመር ለምን እንደሚጠቅም አንድ ስሌት ከብዙ ንግግር ይሻላል። በወር 1 ሺሕ ብር የምታስቀምጥና ወለዱ በየወሩ ከዋናው ጋር የሚደመርላት ወጣት፣ በ7 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ውስጥ 173 ሺሕ ብር ያህል ይኖራታል። ከዚህ ውስጥ 120 ሺሑ የራሷ ነው፤ ወለዱ 53 ሺሕ ገደማ ነው። ለሁለተኛዎቹ 10 ዓመታት በዚያው መጠን ብትቀጥል ጠቅላላው 520 ሺሕ ይደርሳል። በሁለተኛው አሥር ዓመት የተገኘው ወለድ ብቻ ወደ 228 ሺሕ ብር ይጠጋል፣ ከመጀመሪያው ከአራት እጥፍ በላይ። ያዋጣችው ገንዘብ በሁለቱም ጊዜ እኩል ነው፤ የተለወጠው ወለድ ወለድን መውለዱ ነው። በ22 ዓመቱ የጀመረና በ32 ዓመቱ የጀመረ ሰው በ42 ዓመታቸው እኩል የማይቆሙት ለዚህ ነው።

ወደ እቁብ እንመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣት ገንዘቡን የሚያጠራቅመው በእሱ ነው። አሥር ሰዎች በወር አምስት አምስት ሺሕ ብር ይጥላሉ እንበል። በመስከረም የመጀመሪያው ባለ እጣ 50 ሺሕ ብር ይዞ ይሄዳል። እስካሁን ያዋጣው 5 ሺሕ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 45 ሺሑ ያለ ወለድ የተበደረው ነው። ዋስ ይጠራል እንጂ ቤት አያስይዝም። በሰኔ እጣ የሚደርሰው አሥረኛው ሰው ደግሞ ለዘጠኝ ወራት ለጓደኞቹ ሲያበድር ከርሞ ያንኑ 50 ሺሕ ይቀበላል፣ ግን የሰኔ ገበያ የመስከረም ገበያ አይደለም። አንድ እቁብ ውስጥ ተቀምጠው አንደኛው ተበዳሪ፣ አሥረኛው አበዳሪ ናቸው፤ ይህን የሚያስቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ነጋዴው ያውቀዋል። ስለዚህ ዕቃ የሚያስገባበት ወር ሲደርስ የእቁቡን ዳኛ ያነጋግራል፣ እጣ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴም ቅናሽ ሰጥቶ የሌላውን እጣ ይገዛል።

ደመወዝተኛውም ይህን ማድረግ ይችላል። ሙያ ለመማር፣ የመንጃ ፈቃድ ለማውጣት ወይም ማሽን ለመግዛት ያቀደ ሰው ቀደም ያለ እጣ ቢለምን ያዋጣዋል። ምንም ሳያቅድ የመጀመሪያ እጣ የደረሰው ግን ገንዘቡን በልቶ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለፈ ደስታ ዕዳ ይከፍላል። ዙሩ የረዘመ እቁብ፣ ለምሳሌ ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ለኋለኞቹ ባለ እጣዎች ጎጂ ነው፤ አጭር ዙር ይሻላል።

ከእቁብ ወዲያ ያለው መንገድ የጋራ ባለቤትነት ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው በ486 ሰዎች በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ነበር። ለእያንዳንዱ ሲካፈል በአማካይ 50 ሺሕ ብር አይሞላም። በዘመኑ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ ሆኖም አንዳቸውም ብቻቸውን ባንክ ሊከፍቱ አይችሉም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ባንኩ ዛሬ ከአገሪቱ ትልልቅ የግል ባንኮች አንዱ ነው።

ይህ በር ድሮ ሰው ለሚያውቅ ብቻ ክፍት ይመስል ነበር፤ አሁን ሰፍቷል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፣ ማለትም 9 ሺሕ 900 ብር። ግዢው በቴሌብር ይፈጸም ነበር፤ ቢሮ መሄድ፣ ዘመድ መፈለግ አላስፈለገም። ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺሕ በላይ ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮን ገዝተው ነበር፤ ለሽያጭ ከቀረበው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። የአንድ እቁብ እጣ ሩብ የማይሞላ ገንዘብ ሰውን የኩባንያ ባለቤት የሚያደርግበት ጊዜ መጥቷል። ወጣቶች ይህን ለውጥ ከእግር ኳስ ዝውውር ዜና ባነሰ ትኩረት ማየታቸው ያሳዝናል።

አክሲዮን ግን የተባረከ ወረቀት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ ባንክ ለመክፈት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያድግ፣ በምሥረታ ላይ ከነበሩት ባንኮች አንዳንዶቹ ሳይከፈቱ ቀሩ። አክሲዮን የገዙ ሰዎች ገንዘባቸው ታስሮ ቆየ። የአደራጆቹን ስም ሰምቶ እንጂ ሰነድ አንብቦ ያልገዛ ሰው የሚጎዳው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ገና ያልተቋቋመ ኩባንያ አክሲዮንና ለዓመታት ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ኩባንያ አክሲዮን እኩል አደጋ የላቸውም፤ ሁሉንም ገንዘብ በአንድ ኩባንያ ማድረግም ስህተት ነው።

ስለ ሀብት ሲወራ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ፤ ንብረቱ በማን ስም ነው? ጥያቄው ይበልጥ የሚያሳምመው በዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆነው ለሚደክሙ እህቶቻችን ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ለዓመታት የላኩት ገንዘብ ለቤተሰብ ቀለብ፣ ለወንድም ሠርግ፣ በሌላ ሰው ስም ለተሠራ ቤት ውሎ ነበር። ቤተሰብን መርዳት ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያቆመው ሊመክር አይገባም። ነገር ግን የምትሄድ ልጅ ከመሳፈሯ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ከፍታ መሄድ ትችላለች። ከምትልከው አንዱ ክፍል ከእሷ በቀር ማንም ሊያወጣው ወደማይችለው ወደዚያ ሒሳብ ይግባ። ቦታ ወይም ቤት የሚገዛላት ወኪል ካስፈለገም ሙሉ ውክልና ሳይሆን ለዚያች ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ውክልና ትስጥ፣ የግዢው ውልም በስሟ ይጻፍ።

እንዲህ የተለፋበትን ገንዘብ ለመውሰድ ሰው የሚያጠምዱ ደግሞ አሉ፤ በቴሌግራም “በወር 10 በመቶ ትርፍ” ብለው የሚጠሩ። ስሌቱን እንሥራ። 1 ሺሕ ብር በወር 10 በመቶ እየወለደ፣ ትርፉም እየተደመረ 10 ዓመት ቢቆይ ከ92 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ በእጁ ያለ ሰው የተማሪን 5 ሺሕ ብር አይለምንም። ቀድመው የገቡት ሰዎች ትርፍ የሚከፈላቸው ከኋለኞቹ ኪስ ነው፤ አዲስ የሚገባ ሰው ሲጠፋ የስልክ ቁጥሩም ይጠፋል።

ስለዚህ እቁብ የሚደርሳችሁ ቀን የተቃረበ ሁሉ፣ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት የሚሄድበትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ኢንቨስትመንት ብሎ የሚጠራችሁ ሰው ካለ ፈቃዱን ጠይቁት፤ በካፒታል ገበያው ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ የሚሠራን ሰው ገንዘብ አትስጡት። አክሲዮን ልትገዙ ከሆነም ኩባንያው ለገዥዎች ያወጣውን መግለጫ አስቀርባችሁ፣ ትርፉንና ዕዳውን የሚያሳየውን ገጽ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ።