ስልኩን አትንጠቋቸው!

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀርቶ ክፍያው በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲሆን ታዘዘ። በዚያ ሰሞን ልደታ አካባቢ አንድ ማደያ ተሰልፌ ነበር። ዕድሜያቸውን ብር ሲቆጥሩ የኖሩ ነዳጅ ቀጂ ክፍያው መግባቱን ስልኩ ላይ ማየት አቅቷቸው ላብ አጠመቃቸው። ወጣቱ ባልደረባቸው "ጋሼ፣ ይስጡኝ በቃ!" ብሎ ነጠቃቸው። ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ ግን ያሳፍረኛል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ማስተማር እንዲህ ነው? ሰው የሚለምደው በገዛ ጣቱ ሲነካካ ነው። እናም ወጣቶች፣ ትልልቆቹን ስታሳዩ ሰልፍ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ። ሰው ፊት አታርሟቸው። ሲሳሳቱም "ምንም አይደል፣ እንደገና ይሞክሩት" በሏቸው።

ነገ ሌላ ማሽን ሲመጣ "ጋሼ" እና "እትዬ" የምትባሉት እናንተ ናችሁ!