ሽንኩርቱ ሳይቁላላ

ወረታ ላይ ውሻ ወይም ድመት ታሞብኝ ብሎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ሰው የሚመጣው ስለ ላሙ ነው። የውሻው ጉዳይ የሚነሳው ላሟ መርፌዋን ተወግታ፣ ሒሳብ ተከፍሎ፣ እግር ወደ በር ሲያቀና ነው። «ዶክተር፣ ያ ውሻችን ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ፤ ሰውነቱ አለቀ፣ ሽንቱም ጠቆረ።» ምን ይበላል ብዬ ስጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ምን ይበላል፣ ከእኛው የተረፈውን!»

ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው የተረፈው ውስጥ ነው። ወረታ ያለችበት ፎገራ የሽንኩርት አገር ነው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ሲረሰርስ ሩዝ፣ በጋ ደግሞ በመስኖ ሽንኩርት ይመረታል፤ ከወጣችንም ላይ ሽንኩርት አይቆጠብም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራሉ። መብሰል ይህን ጠባያቸውን አያጠፋውም፤ ደርቆ መፈጨትም እንደዚሁ፤ ስለዚህ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ የገባው ሁሉ ይቆጠራል። አንድ ቀን በብዛት መብላት ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መቅመሱም ይጎዳል። ድዱ ይገረጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ድመት ደግሞ ከውሻ ይልቅ በትንሹ ትጎዳለች።

የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ የእንስሳቱን ድርሻ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ለዩት። ከወጡ የተረፈ ሳይሆን ከወጡ በፊት የተነሳ ይሁን። ጨውም በርበሬም አይንካው።

ለውሻ ስባሪ ሩዝ ይበቃዋል፤ መፈልፈያ ቤት ከሙሉው ይረክሳል፣ የውሻ ሆድ ደግሞ ስባሪና ሙሉ አይለይም። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር እህል መፍጨት ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ስታርች የሚፈጨው ዘረመል ከተኩላው ይልቅ በውሻው ውስጥ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ብቻ ሩዙ እስኪላላ ይቀቀል። 15 ኪሎ ለሚመዝን የአገራችን ውሻ በቀን 300 ግራም ያህል የበሰለ ሩዝ፣ 250 ግራም ያህል የበሰለ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ እፍኝ የተቀቀለ ዱባና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጥሩ መነሻ ነው። በዚያ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ በሙቀጫ ልሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨመርበት፤ 1 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን ኢምንት ነው፤ ያለ አጥንትና ያለ ቅርፊት በሥጋ ብቻ ያደገ ቡችላ እግሩ ይጣመማል። የበሰለ አጥንት ግን፣ በተለይ የዶሮ፣ እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋልና አይሰጥ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ምግቡ ሙሉ ነው ብዬ አልምልም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረመሩ 200 የቤት የውሻ ምግብ አሠራሮች ነበሩ፤ 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኝተዋል። የተገኙት ደግሞ ከመጻሕፍትና ከእንስሳት ሐኪሞች ጭምር ነው! ስለዚህ አንድ ዓይነት ምግብ ላይ አትርጉ እላለሁ፤ ዛሬ ዓሣ፣ ነገ እንቁላል፣ በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ጉበት።

250 ግራም ሥጋ ስል ገበሬው ይስቅብኛል። «ልጆቼ መቼ በሉና፣ ዶክተር?» እውነቱን ነው። ለውሻ ሥጋ ይገዛ አላልኩም፤ ሰው የማይበላው አለ። በዓል ሲደርስ ቅርጫ ይገባል፣ በሬው ደጅ ላይ ይታረዳል፣ ሳንባው ለውሻ ይወረወራል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ውርወራ ነው። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ውስጡ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነች የትንሽ ትል እጭ አለ። ውሻው ጥሬውን ሲውጠው ትሏ አንጀቱ ውስጥ ታድጋለች፤ እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ ወደ ከብቱ፣ በእጅ ወደ ልጆች አፍ ይሄዳል። ሰውም በጉበቱ ወይም በሳንባው ያንኑ ከረጢት ተሸክሞ ዓመታት ቆይቶ ቀዶ ጥገና ክፍል ይደርሳል። ከረጢት የታየበት ሳንባ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ንጹሕ የመሰለውም ተቆራርጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። ውሻው ደግሞ የትል መድኃኒቱን፣ ፕራዚኳንቴልን፣ በጊዜው ይውሰድ።

ድመትን በሩዝ ማኖር አይቻልም። ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሥጋና ዓሣ ውስጥ እንጂ እህል ውስጥ የለም፤ ሰውነቷም በበቂ አይሠራውም። እ.ኤ.አ. በ1987 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ልባቸው አብጦ የደከመ ድመቶች ታውሪን ሲሰጣቸው እንዳገገሙ አሳዩ። እኛ ዘንድ ከጣና ዳር፣ ከናበጋና ከዋገጠራ በኩል ዓሣ ይመጣል፤ ሲበለት የሚጣለው ጭንቅላትና ጀርባ ላይ ያለው ሥጋ ለአንዲት ድመት ቀለብ ነው። ይቀቀል፣ አጥንቱ ይለቀም፣ ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁም አይደፋ። ጉበት በየቀኑ መስጠት ግን ቫይታሚን ኤውን አብዝቶ አንገቷን ያደርቀዋል። ወተቱንም ለጥጃው ተዉለት፤ ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ያስቀምጣታል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው በሁዳዴ ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ በ55 ቀን ጾም ድስቴን ሥጋ ላስነካ?» ብለውኛል። አታስነኩ፤ ለውሻው የብቻው ጣሳ ይኑረው፣ ደጅ ላይ በሦስት ጉልቻ ይጣድለት። ሥጋው ከጠፋም ሩዝ ከምስር ወይም ከሽምብራ ክክ ጋር ተቀቅሎ አንድ እንቁላል ቢታከልበት ውሻ ፋሲካን ይደርሳል። ጓያውን ተዉት፤ የሰውን እግር የሚያሽመደምድ እህል ለውሻ ይበጃል የምልበት ምክንያት የለኝም። ድመቷ ግን በምስር አትጾምም። ዓሣ ካልተገኘላት ከሩዙ ጎታ ሥር የምትይዘው አይጥ ቀለቧ ነው፤ እሱን ከፈለጋችሁላት እናንተም ጎረቤታችሁም የአይጥ መርዝ እንዳትበትኑ ተነጋገሩ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት እኔ ዘንድ እስክትደርስ ብዙ ጊዜ አትቆይም።