በቀን የምትበረው የእሳት እራት

«የእሳት እራት» ሲባል በአብዛኞቻችን ሕሊና የምትመጣው በምሽት በኩራዝ ዙሪያ ስትሽከረከር ክንፏን የምታቃጥለው አመድማ ፍጡር ናት። ይሁንና የዚህ ዘር አባላት ሁሉ የሌሊት በራሪዎች አይደሉም። በህንድ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘው የማዳጋስካር ደሴት በጠራራ ፀሐይ የምትበር፣ በውበቷም ብዙ ቢራቢሮዎችን የምታስንቅ የእሳት እራት አለች። እንግሊዛዊው የነፍሳት አጥኚ ድሩ ድሩሪ እ.ኤ.አ. በ1773 ሲመዘግባት ቢራቢሮ መስላው ከቢራቢሮዎች ተርታ መድቧት ነበር። ውድ አንባብያን! ለመሆኑ ይህች ፍጡር ሕይወቷን እንዴት ትመራለች?

ከእንቁላል እስከ አባጨጓሬ

እናቲቱ እንቁላሏን ባገኘችው ቦታ ሁሉ አትጥልም። ኦምፋሊያ የተባለውን ተክል ፈልጋ ከቅጠሉ ሥር 80 ያህል እንቁላሎችን በአንድ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈሉት አባጨጓሬዎች ከዚህ ተክል በቀር ሌላ ምግብ የላቸውምና! ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውና ቀያይ እግሮች ያሏቸው እነዚህ አባጨጓሬዎች ከቅጠል ላይ ቢወድቁ እንኳ ከአፋቸው በፈተሉት የሐር ክር ተመልሰው ይወጣሉ። አራት የዕድገት ደረጃዎችን ካለፉ በኋላ የሐር ሽፋን ፈትለው በውስጡ ይከተታሉ። ከ17 እስከ 23 ቀናት ያህል ቆይተውም ባለ ክንፍ ሆነው ብቅ ይላሉ።

መርዝ የሆነው ጋሻ

ኦምፋሊያ መርዛማ ተክል ነው። አባጨጓሬው ግን መርዙን በልቶ አይሞትም፤ ይልቁንም በሰውነቱ ያጠራቅመዋል። ክንፍ ካወጣም በኋላ መርዙ አብሮት ስለሚኖር ደማቅ መልኩ ለወፎች «አትቅረቡኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሆናል። የሚገርመው ደግሞ በክንፏ ላይ የሚያብረቀርቀው አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ የቀለም ቅብ አለመሆኑ ነው። ክንፏን የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች የፀሐይን ብርሃን እየሰበሩ ሲያንጸባርቁ የሚፈጠር ኅብር ነው። ሱብሃነላህ!

ተክሉም ቢሆን ዝም ብሎ አይበላም። አባጨጓሬዎች ሲበዙበት መርዙን ይጨምራል፤ ውሎ አድሮም ለነርሱም የማይበላ ይሆናል። የእሳት እራቶቹ በብዛት ሆነው ወደ ሌላ አካባቢ የሚፈልሱበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

የሁለት ደኖች ጥገኛ

በማዳጋስካር አራት የኦምፋሊያ ዝርያዎች ይበቅላሉ። ሦስቱ በምዕራቡ ደረቅ ደን፣ አንዱ ደግሞ በምሥራቁ ዝናባማ ደን ይገኛሉ። የእሳት እራቶቹም በሁለቱ መካከል ይመላለሳሉ። ታዲያ ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋስ? የደሴቲቱ ደኖች ለእርሻና ለከሰል ሲባል ሲመነጠሩና ሲቃጠሉ ኖረዋል፤ ዛሬም አልቆመም። ከመርዝ ጋሻ የሠራች፣ ወፎች የሚርቋት ይህች ፍጡር መጥረቢያን የምትመክትበት አንዳችም መከላከያ የላትም። አባጨጓሬዋ ከአንድ ተክል ሌላ አይበላምና ደኑ ሲመነጠር ገበታዋም አብሮ ይነሳል። አንድ ዛፍ ስንቆርጥ በቅጠሉ ሥር ማን እንደሚኖር ልብ ማለት የሚገባንም ለዚህ ነው።