ጀፎረ፦ የጉራጌ መንደር የሚተዳደርበት ሜዳ

ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ወደ ጉንችሬ የሚዘልቅ መንገደኛ የሰባት ቤት ጉራጌን መንደር በቀላሉ ይለየዋል። ለመተላለፊያ ብቻ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የሰፋ ሣራማ ሜዳ በመንደሩ መካከል ይዘረጋል፤ ክብ የሣር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ሜዳው ያዞራሉ፤ እንሰቱ በጓሮ በኩል ነው። ይህ ሜዳ ጀፎረ ይባላል። ጥጃ ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይዋልበታል፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ደመራ ይለኩስበታል፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይዳኙበታል። ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው ለውበቱ ነው። ውበቱ አያከራክርም፤ እኔ ግን ጀፎረን ከሁሉ በፊት የማየው እንደ አስተዳደር ተቋም ነው። መንደር ራሱን ማስተዳደር የሚችለው በስብሰባ ብዛት አይደለም፤ የጋራ ሀብት ኖሮት፣ ያንን ሀብት ለመጠበቅ በየጊዜው ለመወሰን ሲገደድ ነው።

ለዚህ ማስረጃው የጀፎረ ድንበር ነው። ባለአጥሩ ሁሉ አጥሩን ጥቂት ክንድ ወደ ሜዳው ቢያስጠጋ ይጠቀማል፤ ሁሉም ቢያደርገው ግን ጀፎረ አይኖርም። ሜዳው ለትውልዶች ሳይጠብ የኖረው ድንበር የገፋን ሰው የሚጠይቅ፣ የሚቀጣና አጥሩን የሚያስመልስ ዳኝነት ስለነበረ ነው። ያ ዳኝነት በመንደር ሽማግሌዎች ይጀምርና እስከ የጆካ ሸንጎ ይደርሳል፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ሕግም የጆካ ቅጫ ይባላል። በሌላው የጉራጌ ወገን በክስታኔ ደግሞ ተመሳሳዩ ሕግ የጎርደና ሴራ ይባላል። ከዚህ ባህላዊ ዳኝነት ጎን በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በ800 ሄክታር ላይ የተመሠረተ የገበሬ ማኅበር አመጣ፤ የዛሬው የገጠር ቀበሌ መሠረቱ ይኸው ነው። ቀበሌው ምክር ቤት፣ ሊቀመንበርና ማኅተም አለው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ያልተማከለ አስተዳደር ግን በጀቱን ለወረዳ ነው የሰጠው። ስለዚህ ቀበሌ በአብዛኛው ከላይ የመጣውን ዕቅድ ያስፈጽማል። የተለየ ምሳሌ ለማየት፣ በፈረንሳይ ኮሚዩን የሚባሉ ወደ 35,000 የሚጠጉ የመጨረሻ እርከን አስተዳደሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ከ1,000 ያነሰ ነዋሪ ነው ያላቸው። ሆኖም በ1884 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ትንሿ መንደርም ምክር ቤቷን ትመርጣለች፤ የራሷ በጀትና ንብረትም አላት። ከንቲባዋ የሚከበረው በዚያ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

የሽማግሌ ሸንጎ ሴቶችን አግልሏል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ መሸፋፈንም አይገባም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለች የጉራጌ ሴት በጋብቻና በፍቺ ጉዳይ የጆካን ሸንጎ ፊት ለፊት የሞገተችው ለዚህ ነበር። በዕደ ጥበብ የሚተዳደሩ ወገኖችም ለዘመናት ተገፍተዋል። ነገር ግን ውርድወት ሸንጎውን ያናገረችው እዚያው ደጁ ድረስ ሄዳ ነው፤ የሚጠየቀው አካል የሚታወቅ፣ የሚደረስበትም ነበር። ጉድለቱ የሚታረመው በሸንጎው የሚቀመጡትን በመጨመር እንጂ ሸንጎውን በማፍረስ አይደለም። ሌላው ተቃውሞ ከመሬት ጥበት ይነሳል፦ እርሻ እየጠበበ ይህን ሁሉ ሣር ባዶ ማስቀመጥ ቅንጦት ነው ይላሉ። ጀፎረ ግን ባዶ አይደለም። ግጦሽም፣ አዳራሽም፣ መንገድም ነው፤ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቤት ቢዳረስ ለአንዱም የማይረባ ቁራጭ ይሆናል። የጋራ ጉዳይን በጋራ መያዝ የሚያፈራውንም አይተናል፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ድርጅቶች ሲያቋቁሙ፣ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያመራው መንገድ የዚያ መዋጮ ፍሬ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቷል፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ለመንደሩ ግን ከዞንና ከክልል ይልቅ የሚቀርበው ጥያቄ ጀፎረው በማን ስም ይመዝገብ የሚለው ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የወል ይዞታን አውቋል። እንግዲህ የየመንደሩ ጀፎረ ተለክቶ በመንደሩ ስም የወል ይዞታ ማረጋገጫ ይሰጠው፤ ድንበሩን በሚጠብቀው ሸንጎም ሴቶች ከወንዶች እኩል ይቀመጡ።