የንግድ ቤት ዋና ዓላማና ዐዲስ የሥራ ውጥን

በንግድ ላይ የተሰማራ ሰው ካፒታሉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚቀርብለት የሥራ አሳብም እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው። አንዱ ወዳጅ የጭነት መኪና ግዛ ይለዋል፤ ሌላው ቅርንጫፍ ክፈት ይለዋል፤ ሦስተኛውም እገሌ አምና ያተረፈበትን ሸቀጥ አስመጣ ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ ሁሉ በቅን ልቡና የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እንዳሉት፣ ገንዘብ ስለ ተገኘ ብቻ ሥራ ሁሉ አይጀመርም። ከባለቤቱ የሚጠበቀው አስቀድሞ «ይህ ውጥን የንግድ ቤቴ ከቆመበት ዓላማ ጋር ይስማማልን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ ጥያቄ በማናቸውም ዘመን ተገቢ ቢሆንም ዛሬ ከወትሮው ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 ቀድሞ በአመዛኙ ለአገር ልጆች ተከልሎ የነበረውን የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ የተወሰነውን ግዴታ ለሚያሟሉ የውጭ አገር ባለ ካፒታሎች ከፍቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ አስመጪው ባልታሰበበት ውጥን ውስጥ ያስገባውን ገንዘብ መልሶ ለመተካት የሚደክመው ድካም እጥፍ ሆኖበታል፤ ከጎኑም ብዙ ገንዘብና የረጅም ጊዜ ዕቅድ ይዞ የሚመጣ ተወዳዳሪ ይጠብቀዋል።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቤቴል ሰፈር ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ይመቻል። በዚህ ሰፈር የውሃ ቧንቧ፣ የመገጣጠሚያ ዕቃና በተለምዶ ሮቶ የሚባለውን የውሃ ማጠራቀሚያ የሚሸጥ አንድ የንግድ ቤት አለ እንበል። በከተማው ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ስለ ሆነ ለዕቃው ፈላጊ አይታጣም። ባለቤቱ ዓመቱን በትርፍ ከዘጋ በኋላ ሦስት ውጥኖች ይቀርቡለታል፤ አንደኛው ኢሱዙ የጭነት መኪና መግዛት፣ ሁለተኛው መርካቶ ውስጥ ሌላ ሱቅ መከራየት፣ ሦስተኛው ሽቶና የመዋቢያ ቅባት ማስመጣት ነው።

ሦስቱም ውጥኖች በወረቀት ላይ ትርፍ ያሳያሉ። የንግድ ቤቱ ዓላማ «ሸጦ ማትረፍ» ብቻ ከሆነ ከሦስቱ አንዱንም ለመጣል ምክንያት አይገኝም። ዓላማው ግን «በቤቴልና በአካባቢው ቤት የሚሠራ ሰው ለውሃ መስመር የሚያስፈልገውን ሁሉ በልኩ፣ በጥራቱና በሰዓቱ እንዲያገኝ ማድረግ» ተብሎ ተወስኖ ከሆነ ፍርዱ ይቀላል። መኪናው ሮቶውን እስከ ደንበኛው ደጅ ስለሚያደርስ ዓላማውን ያገለግላል። የመርካቶው ሱቅ ገና ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ዕቃን በቅናሽ ለመግዛት የሚረዳ ከሆነ መልካም፣ ለስም ብቻ ከሆነ ግን ኪራዩ ዋናውን ሱቅ ያራቁተዋል። የሽቶው ነገር ግን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ነው፤ ባለቤቱ ገበያውን አያውቀውም፣ ደንበኞቹም ለዚያ ብለው ወደ እርሱ አይመጡም።

ዓላማን ወስኖ መያዝ ዐዲስ ነገር ከመፍጠር ያግዳል ብለው የሚሠጉ ነጋዴዎች አሉ። በተግባር የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን ሥራ በዚያው በከተማው ምዕራብ ወገን፣ በዘነበወርቅ ሰፈር ተጀምሯል። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. «ሶልሬብልስ» የተባለውን የጫማ ድርጅት ያቋቋሙት ከቤተ ዘመድ በተገኘ አነስተኛ ገንዘብና በ5 ሠራተኞች ነበር። የመነሻው አሳብ ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ ካረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን በረባሶ ገጠሬውም ከተሜውም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

ድርጅቱ የመረጠው መንገድ በአጭሩ ሊነገር የሚችል ነበር፤ ይኸውም በአገር ውስጥ በሚገኝ ዕቃና በሰፈሩ ሰዎች የእጅ ሙያ ሠርቶ፣ በራስ የንግድ ስም ለዓለም ገበያ ማቅረብ ነው። መንገዱ ጠባብ ቢመስልም ብዙ ብልሃት ወልዷል። የጎማው ሶል በእጅ ከተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ጋር ተጣመረ፤ የጫማው ዓይነትና ቀለም በዛ፤ ሽያጩም በውጭ አገር መደብሮችና በኢንተርኔት አማካይነት ተካሄደ። ድርጅቱም የዓለም አቀፉን የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ አገኘ። መሥራቿ በኋላ ጊዜ «ጋርደን ኦፍ ኮፊ» በሚል ስም ወደ ቡና ሥራ ሲሻገሩ እንኳ መንገዱን አልለወጡም፤ ቡናው በአገር ውስጥ በእጅ ተቆልቶ በራሱ ስም እንዲሸጥ አደረጉ። ሸቀጡ ተለወጠ እንጂ ዓላማው ያው ነበረ።

በአነስተኛ ድርጅት የታየው በትልቅ ድርጅትም ታይቷል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. «ራእይ 2025» የተባለ የ15 ዓመት ዕቅድ አውጥቶ ነበር። በዚህ ዕቅድ የጭነት አገልግሎትና የአውሮፕላን ጥገና መንገደኛ ከማጓጓዝ ጎን የሚሠሩ ትናንሽ ሥራዎች ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ የገቢ ምንጮች ተደርገው ተቈጠሩ። አበባና ሥጋ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች የሚገለገሉበት የጭነት ተርሚናልም ተስፋፍቶ፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ዐዲሱ ክፍል ሲከፈት ጠቅላላ አቅሙ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ደረሰ።

ከዚያም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ተነሥቶ መንገደኛ ከሰማይ ጠፋ። በዓለም ላይ ብዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አቁመው የመንግሥታቸውን እርዳታ ሲጠይቁ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የጥገና ሠራተኞች ከ25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበሩን እያነሡ ለጭነት እንዲያገለግሉ አደረጓቸው። ድርጅቱም የመንግሥት የማዳኛ ገንዘብ ሳይቀበል ያን ክፉ ጊዜ አለፈ። ወንበር የማንሣቱ ብልሃት በጥቂት ሳምንታት የተፈጸመ ሲሆን፣ ብልሃቱን ያስቻሉት ተርሚናሉ፣ የጥገናው ሙያና የጭነት ደንበኞቹ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት በዕቅድ የተዘጋጁ ነበሩ። ፈጠራ በድንገት የመጣ ቢመስልም መሬቱ አስቀድሞ ታርሶ ቆይቶታል።

ይሁን እንጂ ዓላማ ሲወሰን ጥንቃቄ ይሻል። ዓላማውን ከሸቀጡ ጋር ብቻ ያሰረ የንግድ ቤት ሸቀጡ ሲያረጅ አብሮ ያረጃል። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ የፎቶግራፍ ኩባንያ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ስቲቭን ሳሰን የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን የኩባንያው ትርፍ የሚገኘው ከፊልም ሽያጭ ስለ ነበረ ዐዲሱን መሣሪያ በሙሉ ልብ ለመከተል ዘገየ፤ በ2012 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር በጥር ወር የኪሣራ ሕግ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ። ዓላማው «ፊልም መሸጥ» ሳይሆን «ሰዎች መልካቸውንና ትዝታቸውን እንዲያስቀሩ መርዳት» ቢሆን ኖሮ የራሱን ሠራተኛ ፈጠራ እንደ ጠላት ባላየው ነበር። ስለዚህ ዓላማ መጻፍ ያለበት ደንበኛው ከሚያገኘው ጥቅም በመነሣት ነው።

የኮዳክ ታሪክ ሁለተኛ ትምህርትም አለው፤ ዐዲስ አሳብ ብዙውን ጊዜ የሚፈልቀው ከሥራው አጠገብ ከሚውለው ሠራተኛ ነው። የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራተኞቹ የማሻሻያ አሳብ የሚያቀርቡበትን ሥርዐት ዘርግቷል። በኢትዮጵያም ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የዘዴው መሠረት ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ብክነትን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ነው።

በቤቴል እንደ ምሳሌ የተወሰደውን የቧንቧ ዕቃ ሱቅ በዚህ ዐይን መመልከት ይቻላል። ሻጩ ወጣት ደንበኞች መጠኑ ያልገጠመላቸውን ዕቃ ለመለወጥ እየተመላለሱ መሆናቸውን ያያል። ለአንድ መታጠቢያ ቤት የሚያስፈልገው መገጣጠሚያ ሁሉ በልኩ ተመርጦ በአንድ ከረጢት ቢዘጋጅ ምልልሱ እንደሚቀር ያስባል። አሳቡ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ ከንግድ ቤቱ ዓላማ ጋርም ፍጹም ይስማማል። ነገር ግን ወጣቱ ከዚህ በፊት አሳብ አቅርቦ «አንተ ሥራህን ሥራ» ተብሎ ከነበረ ዝም ይላል፤ ዝምታው የሚያስከትለውን ኪሣራም በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ተጽፎ የሚያገኘው የለም።

እንግዲህ አነስተኛም ሆነ ትልቅ የንግድ ቤት ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው የሚችል ሥርዐት አለ። አስቀድሞ ዓላማው በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ሠራተኞች ሁሉ እንዲያውቁት ይደረግ። ማናቸውም ውጥን በአንድ ገጽ ላይ ሰፍሮ ይቅረብ፤ በገጹም ውጥኑ ዓላማውን የሚያገለግልበት መንገድ፣ የሚፈጀው ገንዘብና ጊዜ፣ ኀላፊው ሰው፣ እንዲሁም ምን ሲታይ ሥራው እንደሚቆም ይገለጽ። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ይረሳል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው መጀመር በሌለበት ሥራ ብቻ ሳይሆን መቆም ሲገባው ባልቆመ ሥራ ነውና።

ከዚህም ጋር ከዓመቱ ትርፍ ጥቂት ተቀንሶ ለሙከራ ይቀመጥ፤ ቢጠፋ የንግድ ቤቱን የማያናጋ፣ ቢሳካ ግን መንገድ የሚያሳይ መጠን ይሁን። አሳብ ያቀረበ ሠራተኛ ተቀባይነት ቢያገኝ ሽልማት፣ ባያገኝ ምክንያቱ የተገለጸለት መልስ በአጭር ጊዜ ይሰጠው። የተጀመሩት ውጥኖችም በየሦስት ወሩ ከመዝገብ ወጥተው ይመርመሩ፤ ከዓላማው የራቀው ይታጠፍ፣ የቀረበው ይጠናከር።

የገበያው በር ለብዙዎች በተከፈተበት በዚህ ጊዜ ለነጋዴው የሚያዋጣው የራሱን ደንበኛ ከማንም በላይ ማወቅ፣ ለዚያም ደንበኛ የሚበጀውን ዐዲስ ነገር ሳይታክቱ መፈለግ ነው። ዓላማውን የጻፈ ነጋዴ ለሚመጣው አሳብ ሁሉ መለኪያ አለው፤ ሠራተኛውን የሚያዳምጥ ነጋዴም የሚለካው አሳብ አይታጣበትም። ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ የንግድ ቤት ከአባት ወደ ልጅ ለመተላለፍ ይበቃል።