«መንገዱ ሰላም ነው?» ሞተረኞች ግጭት ያለበትን አገር እንዴት ይዞሩታል?

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በሞተር ሳይክል። ረጅም መንገድ የሚወዱ ብዙ ሞተረኞች አንድ ቀን እንሄደዋለን ብለው የሚመኙት ጉዞ ነው። ካርታውን ገልጣችሁ ብታዩት ደግሞ መንገዱ በእኛ ቤት በኩል ያልፋል። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ እያለ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ይህ መስመር የታወቀ ነበር። ከአስዋን ዋዲ ሃልፋ፣ ካርቱም፣ ገዳሪፍ፣ ገላባት። ድንበሩን ሲሻገሩ መተማ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ። በመጨረሻም በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። በጄኔራል አል ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦርና ሄሜቲ በሚባሉት መሐመድ ሃምዳን ዳጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ተታኮሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለው መንገድ በአራት ወር ውስጥ አስቸጋሪ ሆነ።

ታዲያ ሞተረኞቹ ጉዞውን ተዉት? ብዙዎቹ አልተዉትም፣ ዞሩት። እንዴት እንደሚዞሩት ማወቅ ደግሞ ሞተር ለሌለውም ይጠቅማል። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን።

ስልካችሁ ያለው ማፕ የማያውቀው ነገር

ማፕ ርቀትና ሰዓት ይነግራችኋል። መንገዱ ላይ የምታዩት ቀይና አረንጓዴ ቀለም የሚመጣው ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ ከሚንቀሳቀሱ ሰዎች ስልክ ነው። ብዙ ስልኮች ቀስ ብለው ከሄዱ መጨናነቅ አለ ይላል።

ግጭት ባለበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ኢንተርኔት ነው። ስልክ መረጃ ካልላከ ማፑ የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ አንድ መንገድ ማፕ ላይ ምንም ምልክት ስለሌለበት ብቻ ሰላም ነው ማለት አይቻልም። ምናልባት እዚያ ያለ ሰው መናገር አልቻለም ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ሞተረኞች ዝምታን እንደ መልካም ዜና አይቆጥሩትም።

ሱዳንን ለመዞር ያሉት አማራጮች

አንደኛው በምሥራቅ በኩል ነው። ከግብፅ ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግሮ ሳዑዲ መግባት፣ ከዚያ ሞተሩን በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሞምባሳ መላክ። ጅቡቲ የደረሰ ሰው በጋላፊ ወይም በደወሌ በኩል ኢትዮጵያ ይገባል። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2019 የቱሪስት ቪዛ መስጠት ስለጀመረች ይህ መንገድ ቀለል ብሎ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ማጥቃት ጀመሩ። ከመሬት ጦርነት የሸሸው ሰው የባሕር ጦርነት ጠበቀው።

ሁለተኛው በምዕራብ በኩል ነው። ከሞሮኮ በሞሪታኒያና በሴኔጋል አድርጎ የባሕሩን ዳርቻ እየተከተሉ እስከ ናሚቢያ መውረድ። እዚህም ቢሆን ነፃ መንገድ የለም። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት መፈንቅለ መንግሥት ያዩ አገሮች ናቸው፣ ታጣቂዎችም በሰፊው ይንቀሳቀሱባቸዋል። ስለዚህ ሞተረኛው ከሰሃራ ርቆ በጊኒ፣ በኮትዲቯር፣ በጋናና በቤኒን በኩል ይሄዳል።

ናይጄሪያ ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ወደ ካሜሩን የሚያስገባው ምቹ አስፋልት የሚያልፈው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ክልል ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመገንጠል ጦርነት አለ። ብዙዎች ያንን ትተው በጌምቡ በኩል ተራራ ወጥተው ባንዮ ይወርዳሉ። መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው፣ በክረምት ሞተር የሚገፋበት ነው። ምርጫው ግን ግልጽ ነው፤ ከጥይት ጭቃ ይሻላል።

ሦስተኛው መሐሉን መዝለል ነው። ሞተሩን በካርጎ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ መላክና ከዚያ መቀጠል። ዋጋው ይከብዳል፣ «ጉዞው ተቆረጠ» የሚል ቅሬታም አለው። ቢሆንም ተጓዡ በሕይወት ይቀጥላል።

ለማፈር ደግሞ ምንም ምክንያት የለም። በዓለም ዝነኛው የዳካር ራሊ ራሱ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 መጨረሻ ላይ ሞሪታኒያ ውስጥ አራት ፈረንሳውያን ቱሪስቶች ተገደሉ። በጥር 2008 ውድድሩ ከሊዝበን ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። በ2009 ወደ አርጀንቲናና ቺሊ ሄደ፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሳዑዲ ውስጥ ይካሄዳል። ስሙ ዳካር ነው፣ ዳካር ግን አይደርስም። ያ ሁሉ ገንዘብና ሄሊኮፕተር ያለው ድርጅት «አልሄድም» ካለ አንድ ሞተረኛ ማለት አያቅተውም።

ወረቀቱም መንገድ ነው

መንገድ ሲቀየር ወረቀትም ይቀየራል። ሦስት ነገሮችን ብቻ እናንሳ።

ቪዛ፦ ነጠላ መግቢያ ቪዛ ይዛችሁ ከአንድ አገር ብትወጡና ቀጣዩ አገር ቢመልሳችሁ፣ የመጀመሪያው ቪዛ ተቃጥሏል። ሁለት ኬላ መሐል መቅረት ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ድንበሩ የሚያጠራጥር ከሆነ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ይፈለጋል። በየት በኩል እንደሚያስገባም መጠየቅ ነው። የእኛ አገር ኢ-ቪዛ ለብዙ ጊዜ የሚሠራው በቦሌ ለሚገባ ሰው ብቻ ነበር፣ በየብስ የሚመጣው ኤምባሲ መሄድ ነበረበት።

ካርኔ፦ የሞተሩ ፓስፖርት በሉት። ከመኪና ክለብ የሚገኝ የጉምሩክ ዋስትና ነው። ገንዘብ ይያዝበታል፣ ሲገባም ሲወጣም ይመታበታል። በግጭት ምክንያት ሞተሩን ጥሎ የወጣ ሰው የመውጫ ማህተም የለውም፤ ቀረጡን ሊጠየቅ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ከአደጋ ቶሎ የማይወጣው ሞተሩን ላለመተው ነው። ይህን ሒሳብ ከመነሳት በፊት ለራስ መንገር ይሻላል፦ ሞተር ይተካል።

ኢንሹራንስ፦ የእንግሊዝ መንግሥት «አትሂዱ» ወዳለው ቦታ የሄደ ዜጋ ኢንሹራንሱ ሊሰረዝበት ይችላል። አሜሪካም አገሮችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ትሰጣለች፤ 4 ማለት አትሂዱ ነው፣ ሱዳን ያለችው እዚያ ነው። ሰበር ዜና ሳይሆን ይህች ደረጃ ናት የብዙዎችን ጉዞ የምትወስነው።

የጠዋቱ ጥያቄ

ትልቁ ዕቅድ ካለቀ በኋላ በየቀኑ የሚደገም ትንሽ ዕቅድ አለ። የኤምባሲ ማስጠንቀቂያ ስለ አገሩ ይናገራል፣ ዜና ስለ ትናንት ይናገራል። ዛሬ ጠዋት መንገዱ እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው ዛሬ ጠዋት ያለፈበት ሰው ነው።

ስለዚህ ሞተረኛው መናኸሪያ ይሄዳል፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ቁርስ የሚበሉበት ቤት ይቀመጣል። የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። ከዚያ በኩል ዛሬ መኪና መጥቷል? ሹፌሮች ሄደዋል ወይስ ቆመዋል? ነዳጅ ማደያው እየሸጠ ነው? አውቶቡሶች የቆሙበት መስመር ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው ደፋር አይባልም።

ሌሎቹ ሕጎች አጭር ናቸው። ከመሸ አይነዳም። ወደ ኋላ የሚመልስ ነዳጅ ሁልጊዜ ይያዛል፤ ወደፊት የሚያደርስ ብቻ የያዘ ሰው ምርጫ የለውም። የት እንደሚደርስና በስንት ሰዓት እንደሚደውል ለአንድ ሰው ተናግሮ ይነሳል። ከሁሉም በላይ «ይህን ካየሁ እመለሳለሁ» የሚለው ከመነሳት በፊት ይወሰናል። መንገድ ላይ የሚወሰን ከሆነ እልህ ያሸንፋል።

ኬላ ላይ

ሞተር ሳይክል ፈጣን ነው፣ የነጂው ፊት በሄልሜት ይሸፈናል። በዚህ ምክንያት ውጥረት ባለበት ቦታ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ክረምት ላይ ወንጀልን ምክንያት አድርጋ አብዛኛውን ሞተር አግዳ ነበር።

ስለዚህ ከሩቁ ፍጥነት መቀነስ፣ ሄልሜት ማውለቅ፣ መነጽር ማንሳት፣ እጅን የሚታይበት ቦታ ማድረግ። ሄልሜቱ ላይ ያለው ካሜራ ኬላ ሳይደረስ ይጠፋል። ወታደራዊ ቀለም ያለው ልብስ አይለበስም። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት እኛ አገርን ጨምሮ በብዙ አገሮች ችግር ያመጣል። የኬላና የወታደር ፎቶ ፖስት ማድረግ ደግሞ ራሳችሁንም ከኋላ የሚመጣውንም ያስይዛል።

እኛን ምን አገባን?

ካይሮ ኬፕታውን የሚነዳው ሰው መዞር ይችላል። ፓስፖርት አለው፣ ካርጎ ይከፍላል፣ ካልሆነም ቤቱ ይመለሳል። ለበዓል ቤተሰብ ጋ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ፣ ዕቃ የጫነ ሹፌር፣ በሞተር ሰው የሚያደርስ ወጣት ግን የሚዞርበት ሌላ አህጉር የለውም። መንገዱ ወደ ቤቱ ነው የሚወስደው። ከመነሳታችን በፊት ደውለን «መንገዱ ሰላም ነው?» የምንለው ለዚህ ነው።

ይህች ጥያቄ ሰላምታ ብቻ እንዳትሆን እንፈልጋለን። የምትጠይቁት ሰው መቼ እንዳለፈበት ጠይቁ። የሦስት ቀን ወሬ ዛሬ አያሻግርም። እናንተም ስትጠየቁ ያላያችሁትን «ሰላም ነው» አትበሉ፣ አንድ ሰው ያንን ቃል ይዞ ይነሳል። «እናቴ ጠብቃኛለች» ብሎ የሚቸኩል ጓደኛ ካላችሁም ይህን ጽሑፍ ላኩለት። እናቱ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢመጣ አትቀየመውም።